ሁለተኛው ዓይን

መቱ፣ ሰኔ 3 ቀን 1929 ዓ.ም.

ዛሬ ልጄን ስለ ግድግዳ ተቆጣኋት። ባለቤቴ በየነች ትናንት ጭቃ ለስና የጨረሰችውን የጓሮ ግድግዳ ዲንቄ በከሰል ሞልታዋለች። በቅሎ አለ፣ የሱሌማን ሱቅ አለ፣ ዝናብ አለ። ዝናብን በከሰል እንዴት እንደሳለችው አላውቅም፤ ግን ዝናብ ነው። አይቼው ቀና ብዬ ሰማዩን ተመለከትኩ። የተቆጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

በየነች ከውስጥ ሆና፣ «ጎሬ ሳለን ከነጋዴው መጋዘን የተጣለ ወረቀት እየለቃቀምክ የምታመጣላት ማን ነበር?» አለችኝ።

«ያኔ ሌላ ነው። አሁን ቤታችን ማን ብቅ እንደሚል ታውቂያለሽ።»

«በቅሎ እኮ ነው የሳለችው፣ አብደታ።»

እውነት ነው። ጎሬ በቡና ነጋዴው መጋዘን ጸሐፊ ሳለሁ የልጄን ሥዕል በኪሴ ይዤ እዞር ነበር። ለሚዛን ሠራተኞቹ ሳይቀር አሳይቻለሁ። የጣልያንኛ ቋንቋም የለቀምኩት እዚያው ነው፤ ይኸው ዛሬ በእሱ እንጀራ እበላለሁ። የጣልያኑ ካፒቴን አስተርጓሚ ሲፈልግ መቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እምቢ ማለት ይቻል ነበር የሚሉ አሉ። የሚሉት ልጅ የሌላቸው ናቸው።

ሰኔ 9

በየነች ግድግዳዋን ለማዳን መላ አገኘች። ዲንቄን ጎረቤታችን ጋሼ ጅራታ ጋ ሰደደቻት። እሳቸው ለቤተ ክርስቲያኑ ሕማማቱን በአቡጀዴ ላይ እየሣሉ ነው፤ ጨርቁ ኋላ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ዲንቄ ከሰል ታቀብላለች፣ ቀይ አፈር ትወቅጣለች፣ ሲተርፍ ቁራጭ ጨርቅ ይሰጧታል።

ከሥራ ስመለስ ጎራ አልኩ። ጋሼ ጅራታ ልጅ አያሞግሱም። ዲንቄ የሳለችውን አንስታ ስታሳያቸው «ጎበዝ» አላሉም፤ «ምን አየሽ?» አሉ።

«ዝናብ።»

«ሲጀምር ነው ወይስ ሊያቆም ሲል?»

ልጅቷ ሥዕሏን መልሳ አየችው። ሲጀምር ነው ብዬ ልመልስላት አፌን ስከፍት ሽማግሌው በብሩሻቸው ዝም በል አሉኝ። ብዙ ቆይታ፣ «ሊያቆም ሲል ነው። ለዚህ ነው መስመሩ የሳሳው» አለች። እኔ ተሳስቼ ኖሯል።

ከዚያ ጌታን ከሚገርፉት አንዱን እያሳየች፣ «ይሄ ሰውዬ ለምን አንድ ዓይን ብቻ አለው?» ብላ ጠየቀች።

«ክፉ ነዋ፣ ልጄ። ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ጻድቅ ፊት ለፊት ሆኖ በሁለት ዓይኑ ያይሻል። ክፉው ከግድግዳ ላይ ሆኖ በሁለት ዓይኑ እንዲያይሽ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

ቤት ስንደርስ ዓለሙን ለሁለት ከፈለችው። እናቷ ሁለት ዓይን፣ ሱሌማን ሁለት ዓይን፣ ውሻችን ሁለት ዓይን። አውራ ዶሮው አንድ ዓይን፣ ትናንት እግሯን ነክሷታል። «እኔስ?» አልኳት። ሁለት ዓይን ሰጠችኝ፤ ጆሮዬን ግን ረሳችው። በየነች እስኪያማት ሳቀች። እንዲህ ከሳቅን ቆይተናል።

ሰኔ 17

ከካፒቴኑ ጋር ቡሬ ደርሰን ተመለስን። መንገዱ ጭቃ ነው። ሱሌማን ሱቅ ጨው ልገዛ ገባሁ። ከመግባቴ በፊት ወሬው ደርቶ ነበር፤ አንዱ «ቱርጁማኑ መጣ» ሲል ሰማሁ፤ አስተርጓሚው ማለቱ ነው፤ ከዚያ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ሱሌማን ጨውን አብዝቶ ሰፈረልኝ። ሰው ሲፈራህ ሚዛኑ ይደፋልሃል። ይህን ያህል መፈራት አልፈልግም ነበር።

ሰኔ 24

ቸኩያለሁ፣ ባጭሩ ልጻፈው።

ካፒቴኑ ቤተ ክርስቲያኑን ልይ ብሎ ሄደ፣ እኔም አብሬ። ጋሼ ጅራታ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ሊጨርሱ መሰላል ላይ ናቸው፣ ዲንቄ ከሥር የከሰሉን ጣሳ ይዛለች። የገራፊዎቹ ራስ ላይ ክብ ቆብ አለ። ካፒቴኑ ራስ ላይ እንዳለው ያለ። ባለፈው ሳይ አልነበረም፤ ወይም ነበር፣ እኔ አላስተዋልኩም። ካፒቴኑ «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። አስተረጎምኩ። አስተርጓሚ አፍ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። አፍ አይከሰስም።

ሰኔ 26

ጋሼ ጅራታን ወደ ጎሬ ወሰዷቸው። ሥዕሉ ላይ ኖራ ተቀባበት።

ባለቤታቸው እትዬ ሽብሬ በደጃችን አለፉ። «እንዴት አደሩ» አልኳቸው። ሳያዩኝ አለፉ። ምናልባት አልሰሙኝም ይሆናል፤ ዝናብ ነበር።

ዲንቄ ትናንትም ዛሬም አልበላችም።

ሐምሌ 2

የጻፍኩትን መለስ ብዬ አነበብኩ። አፍ ነው ብያለሁ። እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ በደንብ ልጻፈው፤ ከዚህ ደብተር በቀር የምነግረው ሰው የለም።

ካፒቴኑ ሲጠይቅ ጋሼ ጅራታ ጮክ ብለው በአማርኛ፣ «ወታደሮች ናቸው» አሉ። ከዚያ ከመሰላሉ ጎንበስ ብለው ለእኔ ብቻ በኦሮምኛ፣ «ዋን ተኡ ኢቲ ሂሚ» አሉኝ። የሚሆነውን ንገረው ማለታቸው ነው። አብረውን ከነበሩት የጣልያን አስካሪ ወታደሮች ኦሮምኛ የሚያውቅ አልነበረም። ጣልያንኛ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሮማውያን ናቸው ልለው እችል ነበር፤ የዱሮ ታሪክ ነው ልለው እችል ነበር። ሽማግሌው ነፍሳቸውን ምላሴ ላይ አኑረውልኝ ነበር።

ዲንቄ ኦሮምኛውን ከእኔ እኩል ትሰማለች።

ፈርቼ ነው። ሌላ ምን ልበል።

ሐምሌ 8

ካፒቴኑ ባለ ቀለም እርሳስ በቆርቆሮ ሣጥን ሰጠኝ። «ለልጅህ፣ ትሥላለች አሉኝ» አለ። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም። አዲስ የታጠበ ጠረጴዛ ላይ ከፍቼ አስቀመጥኩላት፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ዓይቼ የማላውቀው ወይን ጠጅ ሳይቀር አለ። ቀረብ ብላ አየች፣ አሸተተችው፣ ከዚያ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው።

«አታመሰግኚም?» አልኳት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ለእንግዳ የሚባለውን።

ሐምሌ 12

ከቢሮ እንደተመለስኩ ነው የምጽፈው።

ካፒቴኑ ልጅህ ትሣለኝ አለ። ቢሮ ይዣት ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ፣ ጢሙን አበጠረ። እሷ ወለሉ ላይ በእርሳሱ ጀመረች። ምን እንደምትሥል አላሰብኩም ነበር፤ ሳየው አንገቱን ጨርሳ አፍንጫውን ወደ ጎን አውጥታዋለች። በጎን። አንድ ዓይን።

ካፒቴኑ አሁን ትርጉሙን ያውቃል። ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጎንበስ ብዬ ጆሮዋ ላይ፣ «ሁለት ዓይን አድርጊለት» አልኳት። «አይሆንም፣ ቦታ የለውም» አለችኝ ረጋ ብላ፣ ጋሼ ጅራታ በሚያወሩበት ድምፅ። እውነቷን ነው፣ በጎን ለተሣለ ፊት ሁለተኛ ዓይን ቦታ የለውም። እጇን ያዝኩ። ጣቶቿን ከነእርሳሱ ጨብጬ ጉንጩ ላይ ክብ አሳልኳት፣ ውስጡን በነጥብ ሞላሁት። አልታገለችኝም። እጇ በእጄ ውስጥ ዝም ብሎ ነበር።

ካፒቴኑ ወረቀቱን ተቀብሎ ቆይቶ አየው። ከዚያ ሳቀ፣ «ይህችኛዋን ዓይን የሳልካት አንተ ነህ» አለኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሥዕሉን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ምንም አላደረገን። ምንም ሊያደርገን አልነበረም መሰለኝ።

እስከ ቤት እጇን ይዤ ልሄድ ፈልጌ ነበር። ሁለቱንም እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀቻቸው።

ሐምሌ 19

አትሥልም። ግድግዳው ንጹሕ ነው። ተመኝቼው የነበረውን አገኘሁ።

ሐምሌ 21

በየነች የነገረችኝን ልጻፍ። ዲንቄ አሁን ለሁሉ ነገር ታስፈቅዳለች። «ውኃ ልቅዳ?» «እዚህ ጋ ልቀመጥ?» «በሩን በዚህ በኩል ልዝጋው?» ትናንት በየነች ጎመን ቅጠፊ ብትላት አንዱን ቅጠል ይዛ መጥታ «ይሄ ይሆናል?» አለቻት። ከዚያ ሌላውን። ከዚያ ሌላውን። በሰኔ ከሽማግሌ ጋር ስለ ዝናብ የምትከራከር ልጅ ነበረች።

«እርሳሱ ስላልጣማት ይሆን እንዴ?» አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

በየነች፣ «ያጣችው እርሳስ አይደለም» አለች።

ሐምሌ 25

ባለፈው በደንብ ልጻፈው ብዬ በደንብ አልጻፍኩትም። ፈርቼ ነው አልኩ። ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ሰው ይቅር የሚለው ነገር ነው፤ ለዚህ ነው ፍርሃት ብዬ የጻፍኩት።

ካፒቴኑ ስለ ዓይኑ አልጠየቀም። የጠየቀው እነማን ናቸው ብሎ ብቻ ነው። «ወታደሮች» ብዬ ነገርኩት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ በሩ ዞረ። ቆቡንም ልብ አላለውም ነበር። ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት። «ክቡር ካፒቴን፣ የእኛ ሠዓልያን ደንብ አላቸው» አልኩ፤ «ክፉ ሰው በአንድ ዓይን ነው የሚሣለው፤ ሠዓሊው እንዲህ ይላል።» በጣልያንኛ አሳምሬ ነው የተናገርኩት። ያን ዓረፍተ ነገር ስገጣጥም ደስ ብሎኝ ነበር። እንደ ተማረ ሰው እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር፣ ሌላ ምንም አልነበረም። ያኔ ነው ተመልሶ ገራፊዎቹን ያያቸው፣ ከዚያ ቆቡን፣ ከዚያ ሽማግሌውን።

ጋሼ ጅራታ ያን ቃል ለካፒቴኑ አልተናገሩም። የተያዙበት ቃል የኔ ነው።

ለልጄ ያስተማሯትን ወስጄ ነው ያሰርኳቸው። ዲንቄ ጣልያንኛ አታውቅም፤ ግን በጣቴ ዓይኔን ስሸፍን አይታኛለች። ለካፒቴኑ እንዲገባው ብዬ አንድ ዓይኔን በጣቴ ሸፍኜ አሳይቼው ነበር።

ነሐሴ 4

ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያን አልሄድም፤ ኖራ የተቀባውን ግድግዳ ማየት አልችልም። ራሴን እያመመኝ ነው እላለሁ።

ዛሬ ራሴ እርሳስ አንሥቼ በቅሎ ሣልኩ። ዲንቄ አይታ ብትስቅ፣ እንዲህ አይደለም ብላ ብትነጥቀኝ ብዬ ነው። በቅሎዬ አግዳሚ ወንበር ነው የሚመስለው። አሳየኋት።

«ጥሩ ነው፣ አባባ» አለችኝ።

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሱሌማን ሱቅ ውስጥ ጨው ሲበዛልኝ የምሰማው ድምፅ ነው። የገዛ ልጄ እንደ ከተማው ሰው ልታናግረኝ ተማረች።

ነሐሴ 11

በየነችን ምን ላድርግ ብዬ ጠየቅኳት። ባሏ ሆኜ ምን ላድርግ ብዬ የጠየቅኳት የመጀመሪያዬ ነው መሰለኝ፤ እጇ ላይ የነበረውን ወንፊት አስቀመጠች።

«አታሞግሳት። አትዘዛት። እርሳስም አታምጣላት። ያጠፋኸውን እሷው ታውቀዋለች፣ አንተ ማወቅህን ግን አታውቅም» አለች።

«ልጅ ይቅርታ ይጠየቃል እንዴ?»

«እጇን ስትይዝ ልጅ መሆኗን አስበህ ነበር?»

ነሐሴ 19

እትዬ ሽብሬ መጡ። በረንዳው ላይ ቆመው ቀሩ፣ ግቡ ብንላቸው አልገቡም። ጎሬ ደርሰው ጋሼ ጅራታን በአጥር ቀዳዳ አይተዋቸው ነበር፤ ከስተዋል፣ ያስላቸዋል አሉ። ይህን የነገሩት ለበየነች ነው። ከዚያ ከነጠላቸው ጫፍ የከሰሉን ጣሳ ፈተው ለዲንቄ ሰጧት። «ጋሼ ‹ለዚያች ኢንታላ፣ ለዚያች ልጅ ስጫት፣ የጀመረችው አለ› ብለዋል» አሏት።

ዲንቄ ጣሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ አለቀሰች። ከሰኔ ወዲህ ስታለቅስ ያየኋት ዛሬ ነው። እትዬ ሽብሬ እስኪወጣላት ራሷን ይዘው ቆሙ። እኔ በሩ ውስጥ ነበርኩ። ወደ እኔ ማንም አልተመለከተም፣ እኔም ባይመለከቱኝ ይሻለኛል ብዬ ነበር።

ነሐሴ 20

ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ዲንቄ ጓሮ ተቀምጣ አገኘኋት። እኔም ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ፣ ሱሪዬ ተበላሸ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ጠፋኝ።

«ቢሮ ውስጥ እጅሽን የያዝኩት ጥፋት ነው» አልኳት። «ያንቺ ሥዕል ልክ ነበር። ሁለተኛው ዓይን ቦታ እንደሌለው ነግረሽኝ ነበር።»

ዝም አለች። ጋሼ ጅራታ ትዝ አሉኝና እኔም ዝም አልኩ። ከሶር ወንዝ በኩል ነጎድጓድ ተሰማ።

«ጋሼ ጅራታስ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«እሱም የኔ ጥፋት ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። አልተቆጣችም፤ ዝናብ እየመጣ ነው እንደሚባል ነው ያለችው። ከዚያ ተነሥታ ሳታስፈቅድ ወደ ቤት ገባች።

ነሐሴ 28

ግድግዳው ላይ አንዲት ዶሮ አለች። ትንሽ፣ ከታች ጥግ ላይ። አይቼ እንዳላየ አለፍኩ። በየነችም አይታለች፤ ጓሮውን ስትለስን ያን ጥግ ዘላዋለች።

ጳጉሜን 2

የቆርቆሮ ሣጥኑን ለካፒቴኑ መለስኩለት። ልጄ ከሰል ትወዳለች አልኩት። ፊቱ ጠቆረ። ከቢሮው ወረቀት መውሰድም ትቼ ሱሌማን ሱቅ ሄድኩ። «ለልጅቷ ነው?» አለኝና ከጨርቅ መጠቅለያው ወረቀት ንጹሕ ንጹሑን መረጠልኝ። ሂሳቡን ትክክል አድርጎ ተቀበለኝ፣ አንዲት አልቀነሰም። ደስ አለኝ።

ጳጉሜን 4

ዲንቄ ወረቀቱን አይታ፣ «እርስዎን ልሣል?» አለችኝ።

በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቷ ነው የተቀመጥኩት፣ ዓይን ለዓይን። የታየሽን ሣዪ አልኳት፤ ከዚያ ይህም ትእዛዝ መሆኑ ገባኝና አፌን ዘጋሁ። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ሁለት ጊዜ በአውራ ጣቷ አጠፋች፣ አንድም ጊዜ «ይሄ ይሆናል?» ብላ አልጠየቀችኝም። የከሰሉ ድምፅ ወረቀቱ ላይ ይሰማል። ከክረምቱ ሁሉ የሰማሁት ጥሩ ድምፅ እሱ ነው።

ስትጨርስ አዙራ አሳየችኝ።

ፊት ለፊት ተቀምጬ በጎን ነው የሣለችኝ። አንድ ዓይን።

እንባዬ መጣ። ልደብቀው ሞከርኩ። ካፒቴኑን እንደሳለችው፣ ገራፊዎቹን ጋሼ ጅራታ እንደሳሏቸው። አፍንጫው የኔ ነው፣ ግንባሩም የኔ ነው፣ ሳስብ የምነክሰው ከንፈር ሳይቀር የኔ ነው። እጇን ይዤ ማስተካከል የሚፈልገው ያው እጄ ጉልበቴ ላይ ተንቀሳቀሰ። ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩበት። ልብ ብዬ ሳየው ግን ጆሮ አለኝ። ያለፈው ላይ የረሳችው። ትልቅ ጆሮ ነው የሣለችልኝ።

እሷ እያየችኝ ነው። ጋሼ ጅራታ እንደሚሉት፣ «ምን አየሽ?» ልላት ፈለግኩ፣ ግን ምን እንዳየች ይኸው ወረቀቱ ላይ ነው።

«ልክ ነው» አልኳት።

ከሰሉን ጣሳው ውስጥ መለሰች። ትንሽ አዘነችልኝ መሰለኝ። «ሌላኛው ዓይንዎ እኮ አለ፣ አባባ» አለች። «በወዲያ በኩል ነው።»

ጳጉሜን 5

ሥዕሉን ከበሩ ትይዩ፣ የገባ ሁሉ በሚያየው ቦታ ሰቀልኩት። በየነች ምስማሩን አቀበለችኝ።

እትዬ ሽብሬን አስጠራኋቸው። ዛሬ ደፍ ተሻግረው ገቡ። ሥዕሉን አዩ። የሠዓሊ ሚስት ናቸው፣ ማንም እንዲያስረዳቸው አያስፈልግም። ከዚያ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩኝ።

ነገ ጎሬ እንደምወጣ ነገርኳቸው። ስለ ዓይኑ የተነገረው ቃል የኔ እንጂ የሰውየው አይደለም፣ ያስተረጎምኩት መስዬ የራሴን ተናግሬአለሁ፣ ብዬ ከካፒቴኑ አለቃ ፊት እናገራለሁ። ይሰሙኛል አልልም። በሳቸው ቦታ ሊያስቀሩኝም ይችላሉ፤ ሁለታችንንም ሊያስቀሩን ይችላሉ። ይህን ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ፣ ብዙም አላፈርኩበትም። በዚህ ክረምት ካፈርኩባቸው ነገሮች ሁሉ ትንሹ እሱ ነው።

እትዬ ሽብሬ፣ «ቶሌ» አሉ። እሺ ማለት ነው፣ ሌላ አልጨመሩም። ሲወጡ ዲንቄን ግንባሯን ሳሟት።

በየነች ስንቅ ስትቋጥር፣ «በዓሉን ውለህ ብትሄድ?» አለችኝ። አንድ ቀን ካደርኩ ዓመት እንደማድር ታውቃለች፤ አልደገመችውም።

አሁን ዲንቄ ከተኛች በኋላ ነው የምጽፈው። ከመተኛቷ በፊት ሌላ ወረቀት አምጥታ አሳይታኝ ነበር። ሰው ነው፣ ፊት ለፊት የዞረ። የኔ ግንባር፣ የኔ ከንፈር፣ ሁለት ጆሮ። የዓይኖቹን ቦታ ባዶ ትታዋለች።

«ይሄስ?» አልኳት።

«እሱ ሲመለሱ ነው» አለችኝ።

በየነች ወረቀቱን እርጥበት እንዳይነካው ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።